በመንገድ ዳር የቆመው ቀይ ቧንቧ ስንት ውሃ ይሰጣል?

በጅቡቲ ከተማ የኢትዮጵያውያንን ልጆች የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን በቅርቡ አንድ ጥያቄ ላኩልን። ጥያቄው የአንድ ተማሪ ነው። በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ወገብ የሚደርስ ቀይ የብረት ቧንቧ ቆሟል። መምህሩ ስለ እሳት አደጋ ሲያስተምሩ፣ «እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከዚያ ቀይ ቧንቧ ውሃ ይቀዳሉ» ይላሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ውሃ አለው?» ሲል ይጠይቃል።

መምህሩ በቂ መልስ አልነበራቸውም። እኛም ደብዳቤውን በተቋማችን ውስጥ ተቀባብለን ስናነብ ወዲያውኑ መልስ የሚሰጥ ከመካከላችን አልተገኘም። የፊዚክስ መምህራን ስለ ግፊት እናስተምራለን፤ የሒሳብ መምህራን ስለ ስኩዌር ሩት እናስተምራለን፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤታችን በር ላይ የቆመው ቧንቧ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ጠይቀን አናውቅም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው። ዓላማችን ሁለት ነገር ማስረዳት ነው፤ አንደኛው የዚህ ቧንቧ ፍሰት እንዴት እንደሚለካ፣ ሁለተኛው ልኬታው እንዲደረግ የከተማውን የውሃ ድርጅት እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃይድራንት ምንድን ነው?

ይህ ቀይ ቧንቧ ሃይድራንት ይባላል። ጅቡቲ ውስጥ በፈረንሳይኛ «ፖቶ ዳንሳንዲ» ይሉታል፤ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ በክዳን የሚሸፈነው ዓይነት ደግሞ «ቡሽ ዳንሳንዲ» ነው። ሁለቱም ከከተማው የውሃ ማከፋፈያ መስመር ጋር የተገናኙ ትልልቅ የውሃ መቅጃዎች ናቸው።

ለምን እንደሚያስፈልጉ በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። 3,000 ሊትር የያዘ የእሳት አደጋ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ ውሃው በ6 ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ በኋላ መኪናው ከአጠገቡ ካልቀዳ በስተቀር ባዶ በርሜል ነው። ስለዚህ ከ6ኛው ደቂቃ በኋላ የሕንጻው ዕጣ የሚወሰነው በመንገድ ዳር በቆመው ቧንቧ ነው።

ስንት ውሃ ይበቃል? በፈረንሳይ አገር በታኅሣሥ ወር 1951 የወጣ መመሪያ አንድ ሃይድራንት በ1 ባር ግፊት በሰዓት 60 ሜትር ኩብ፣ ይኸውም በደቂቃ 1,000 ሊትር፣ ለ2 ሰዓት ያህል እንዲሰጥ ይጠይቅ ነበር። ከ2015 ወዲህ የፈረንሳይ ደንብ መጠኑ እንደየአካባቢው የአደጋ ሁኔታ እንዲወሰን አድርጓል፤ ሆኖም ይህ የ60 ሜትር ኩብ ልክ እስከ ዛሬ እንደ ማነጻጸሪያ ያገለግላል። ለተማሪዎች ግልጽ እንዲሆን፣ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ማለት ባለ 200 ሊትር በርሜል በ12 ሴኮንድ የሚሞላ ፍሰት ማለት ነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር እንበል። በፈረንሳይ ሥርዓት ቀይ ቀለም የሚነግረን ቧንቧው ግፊት ካለው መስመር ጋር መገናኘቱን እንጂ የውሃውን ብዛት አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ የብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር መመሪያ የሃይድራንቱ አናት በፍሰቱ መጠን እንዲቀባ ይመክራል፤ በዚያ ሥርዓት ቀይ አናት በደቂቃ ከ1,900 ሊትር ገደማ በታች የሚሰጥ ደካማ ቧንቧ ምልክት ነው። አንዱ ቀለም በሁለት አገር ሁለት ትርጉም አለው። እንግዲህ ቀለሙን በማየት ብቻ የተማሪውን ጥያቄ መመለስ አይቻልም።

የቆመ ውሃና የሚሄድ ውሃ

በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ የግፊት መለኪያ ብንገጥምበት 4 ባር ሊያሳይ ይችላል። ይህን «የቆመ ግፊት» እንበለው፤ ፈረንሳይኛው «ፕሬሲዮን ስታቲክ» ነው። ቁጥሩ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፤ በሰበቃው ምክንያት ግፊቱ ይወርዳል። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ የሚታየው ግፊት «ቀሪ ግፊት» ነው። እሳት የሚያጠፋው የቆመው ግፊት ሳይሆን ቀሪው ግፊትና አብሮት የሚሄደው ፍሰት ነው።

የሰበቃው ኪሳራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የውሃ መሐንዲሶች የሚሠሩበት የሔዘንና የዊልያምስ ቀመር ያሳየናል። በዚህ ቀመር መሠረት ኪሳራው ከፍሰቱ 1.85ኛ ኃይል ጋር አብሮ ያድጋል፤ የቧንቧው ዲያሜትር ሲጠብ ደግሞ በ4.87ኛ ኃይል ይጨምራል። ይህም ማለት የቧንቧውን ዲያሜትር በግማሽ ብንቀንሰውና ያንኑ ያህል ውሃ ልናሳልፍበት ብንሞክር ኪሳራው ወደ 29 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ከሃይድራንቱ በታች የተቀበረው መስመር ቀጭን ከሆነ፣ ወይም በዝገትና በደለል ከጠበበ፣ ወይም በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ቫልቭ ከጥገና በኋላ በግማሽ ተዘግቶ ከቀረ፣ የቆመው ግፊት ይህን ጉድ ሁሉ ሸፍኖ ያቆየዋል። ጉዱ የሚገለጠው ውሃው ሲሄድ ብቻ ነው።

የጅቡቲ ከተማ ሁኔታ

ጅቡቲ ከተማ ለብዙ ዘመን የጠጣችው በዙሪያዋ ባለው የባዛልት አለት ውስጥ ከሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ባሕሩ ቅርብ፣ ዝናቡ ጥቂት፣ ቀጂው ብዙ በመሆኑ የጉድጓዶቹ ውሃ ጨዋማነት ሲጨምር ኖሯል። በ2017 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ አካባቢ የሚነሣው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ሥራ ጀመረ፤ የታቀደለትም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያደርስ ነው። በ2021 ደግሞ በዶራሌ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያመርት የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተመረቀ። መስመሩን የሚያስተዳድረው የጅቡቲ ብሔራዊ የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ሲሆን፣ በፈረንሳይኛው ምሕጻረ ቃል ኦኔአድ ይባላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ከ4,100 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። አንድ ሃይድራንት የሚፈልገው 60 ነው። ታዲያ ምን ያሳስባል ይባል ይሆናል። የሚያሳስበው የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ናቸው። ወንዝ የሚያህል ውሃ ከተማው ዳር ቢደርስም ከሰፈሩ ቀጭን ቧንቧ የሚያልፈው ቧንቧው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው።

ከፍታም ሌላው ጉዳይ ነው። የከተማዋ አሮጌ ክፍል ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ባልባላ ግን ወደ ውስጥ በኩል ከፍ ባለ መሬት ላይ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት ያጣል። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ሃይድራንቶች አንዱ ከሌላው 30 ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ውሃው ገና ሳይፈስስ የላይኛው 3 ባር ያህል ከስሯል ማለት ነው። በባልባላና በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ተጠጋግተው የቆሙ ቤቶች መኖራቸውን ስናስብ፣ በበጋው ወራት ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ እየወጣ ደረቅ ነፋስ እንደሚነፍስ ስናስታውስ፣ የቁጥሩ አስፈላጊነት ግልጽ ይሆናል።

ይህ የድኻ ከተማ ችግር ብቻ አይደለም። በጥር ወር 2025 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ፓሊሴድስ በተባለው ኮረብታማ ሰፈር ሰደድ እሳት ሲነሣ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 3,800 ሜትር ኩብ የሚይዙ 3 የውሃ ማጠራቀሚያዎች በአንድ ሌሊት ባዶ ሆነው ከፍ ባለው ቦታ ያሉት ሃይድራንቶች ደርቀዋል። በ1906 በሳን ፍራንሲስኮም የመሬት መንቀጥቀጡ የውሃ መስመሮቹን ስለ ሰባበራቸው ከተማይቱ ለቀናት ነድዳለች። በሁለቱም ቦታ ሃይድራንቶቹ በየቦታቸው ቆመው ነበር፤ የጠፋው ውሃው ነው።

ልኬታው እንዴት ይካሄዳል?

በስፋት የታወቀው ዘዴ በሁለት አጎራባች ሃይድራንቶች የሚሠራ ነው። በመጀመሪያው ሃይድራንት ላይ የግፊት መለኪያ ይገጠምና የቆመው ግፊት ይመዘገባል። ቀጥሎ ሁለተኛው ሃይድራንት ቀስ በቀስ ይከፈታል። ውሃው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር በመጀመሪያው ላይ ያለው መለኪያ ይወርዳል፤ ያ ንባብ ቀሪው ግፊት ነው። በዚያው ቅጽበት ከሁለተኛው ሃይድራንት የሚወጣው ውሃ ፍጥነት በፒቶ ቱቦ ይለካል።

የፒቶ ቱቦ በ1732 ፈረንሳዊው አንሪ ፒቶ የሴን ወንዝን ፍጥነት ለመለካት የሠራው መሣሪያ ነው። አፉ በሚፈስሰው ውሃ ፊት ለፊት ሲደረግ የውሃው ፍጥነት ወደ ግፊት ይለወጣል። ከግፊቱም ፍጥነቱን እናሰላለን፤ ፍጥነቱ በሜትር በሴኮንድ ሲቆጠር፣ በባር የተለካው ግፊት ስኩዌር ሩት በ14.1 ተባዝቶ ይገኛል።

ምሳሌ እንውሰድ። የመውጫው ዲያሜትር 65 ሚሊ ሜትር፣ የፒቶው ንባብ 0.25 ባር ይሁን። የ0.25 ስኩዌር ሩት 0.5 ስለሆነ ፍጥነቱ በሴኮንድ 7 ሜትር ያህል ነው። የመውጫው ስፋት 33.2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ውሃው አፉን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ስለማይወጣ በ0.9 እናባዛለን። ውጤቱ በሴኮንድ 21 ሊትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ 76 ሜትር ኩብ ይሆናል።

በፈረንሳይ የተለመደው ሌላው ዘዴ በአንድ ሃይድራንት ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። የፍሰትና የግፊት መለኪያ በአንድነት የያዘ መሣሪያ ከመውጫው ጋር ይገጠምና ግፊቱ 1 ባር ላይ ሲደርስ ፍሰቱ ስንት እንደሆነ ይነበባል።

ሁለት ቧንቧዎች፣ አንድ የቆመ ግፊት

«ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ሃይድራንቶች እንዳሉን እናስብ። የሁለቱም የቆመ ግፊት 4 ባር ነው። በ«ሀ» 76 ሜትር ኩብ በሰዓት ሲፈስ ቀሪው ግፊት 2.5 ባር ሆነ። በ«ለ» 45 ሜትር ኩብ ብቻ ሲፈስ ቀሪው ግፊት ወደ 0.8 ባር ወረደ። በ1 ባር ቀሪ ግፊት እያንዳንዳቸው ስንት ይሰጣሉ?

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከቆመው ግፊት ላይ 1 ባር ይቀነሳል፤ የተገኘው ቁጥር በልኬታው ጊዜ በወረደው ግፊት ይካፈላል፤ ድርሻው ወደ 0.54ኛ ኃይል ከፍ ይልና በተለካው ፍሰት ይባዛል። 0.54 ከየት መጣ ለሚል ተማሪ፣ 1 ለ1.85 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር መሆኑን ማስረዳት ይቻላል። ከላይ የጠቀስነው የሰበቃ ሕግ ተገልብጦ ነው።

ለ«ሀ»፦ 3 ለ1.5 ሲካፈል 2 ነው፤ 2 በ0.54ኛ ኃይል 1.45 ነው፤ በ76 ሲባዛ በሰዓት 110 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል።

ለ«ለ»፦ 3 ለ3.2 ሲካፈል 0.94 ነው፤ በ0.54ኛ ኃይል 0.97 ያህል ነው፤ በ45 ሲባዛ በሰዓት ከ44 ሜትር ኩብ አይበልጥም።

ሳይከፈቱ ሲለኩ እኩል የነበሩት ሁለት ቧንቧዎች ሲከፈቱ አንዱ ከሌላው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሰጣል። «ሀ» የ60ን ልክ ያልፋል፤ «ለ» ይወድቃል። «ውሃ አለው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ነበር።

ጥያቄው እንዴት ይቀርባል?

በተቋማችን ሠልጣኞችን ለልምምድ የጥያቄ ደብዳቤ እንዲጽፉ አድርገናቸው ነበር። አብዛኞቹ የጻፉት፣ «በአጠገባችን ያለው ሃይድራንት መሥራት አለመሥራቱ እንዲገለጽልን» የሚል ነበር። የእኛም የመጀመሪያ ረቂቅ ከዚህ የተለየ አልነበረም። እንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱ «ይሠራል» የሚል አንድ ቃል ነው፤ በዚያ ቃልም የትምህርት ቤቱን ደኅንነት መወሰን አይቻልም። ቁጥር የሚፈልግ ሰው ቁጥር መጠየቅ አለበት። በዚህ መሠረት ያሻሻልነው ደብዳቤ የሚከተለው ነው። በጅቡቲ ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ መቅረብ ይኖርበታል።

ለጅቡቲ ብሔራዊ የውሃና ፍሳሽ ድርጅት
ግልባጭ፦ ለእሳት አደጋ አገልግሎት
ጉዳዩ፦ የሃይድራንት ፍሰት እንዲለካልን ስለ መጠየቅ

ትምህርት ቤታችን በ…… ሰፈር፣ በ…… መንገድ ላይ ይገኛል። ከበራችን በ…… ሜትር ርቀት ላይ ያለው ቁጥሩ …… የሆነ ሃይድራንት ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ አባሪ አድርገናል። በቅጥሩ ውስጥ …… ተማሪዎችና …… መምህራን በቀን ይገኛሉ። ለትምህርት ቤቱ የእሳት አደጋ ዕቅድ ለማዘጋጀት ስለምንፈልግ የሚከተሉት ተለክተው በጽሑፍ እንዲሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን፦ 1ኛ/ የቆመ ግፊት፤ 2ኛ/ ቀሪ ግፊት፤ 3ኛ/ በ1 ባር የሚገኝ ፍሰት፤ 4ኛ/ ሃይድራንቱ የተገናኘበት መስመር ዲያሜትር፤ 5ኛ/ ልኬታው የተደረገበት ቀንና ሰዓት። ልኬታው የውሃ ፍጆታ በሚበዛበት ሰዓት ቢደረግ እንመርጣለን። ለአገልግሎቱ የሚከፈል ካለ አስቀድሞ ይገለጽልን። ከሰላምታ ጋር።

ሰዓቱን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁሉም ተኝቶ ሳለ ሌሊት የተለካ ቧንቧ ሁሉም ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት ካለው የተሻለ ሆኖ ይታያል። ቀኑም እንዲጻፍ የጠየቅነው የዛሬ ቁጥር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለማይታመን ነው፤ ሰፈሩ ያድጋል፣ ቧንቧው ያረጃል፣ የባሕር ጨው ያለበት አየርም ብረትን ይበላል።

ልኬታው ሊሠራ ሲል ሦስት ነገሮች መታሰብ አለባቸው። የመጀመሪያው ውሃው ነው። በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ለ5 ደቂቃ ቢፈስ 5 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ውሃ ውድ በሆነበት ከተማ ይህን ያህል መንገድ ላይ ማፍሰስ ያስቆጫል። ስለዚህ የሚፈሰውን ወደ ቦቴ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ አትክልት መምራት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ሁለተኛው ጎረቤት ነው። ፈጣን ፍሰት በቧንቧው ውስጥ የተቀመጠውን ዝገትና ደለል ስለሚያነሣ ውሃው ለጥቂት ጊዜ ሊደፈርስ ይችላል፤ አስቀድሞ የተነገረው ሰው የሚጠጣውን ቀድቶ ያስቀምጣል። ሦስተኛውና ዋናው ጥንቃቄ ነው። ሃይድራንትን በድንገት መዝጋት በቧንቧው ውስጥ ከባድ የግፊት ምት ያስከትላል፤ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ በቅጽበት ቢቆም ግፊቱ በ10 ባር ገደማ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ የሚከፍተውም የሚዘጋውም የድርጅቱ ባለሙያ ብቻ ነው። መምህራንም ሆኑ ተማሪዎች በራሳቸው መፍቻ ይዘው መቅረብ የለባቸውም።

ውጤቱ ሲመጣ

ቁጥሩ ከ60 በላይ ከሆነ ወረቀቱን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ማስቀመጥና ሃይድራንቱን ከቆሻሻ፣ ከሸቀጥና ከቆመ መኪና ነጻ አድርጎ መጠበቅ ነው። ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነም ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ስለሆነ ድርጅቱ መርምሮ ያስተካክለዋል። መስመሩ ቀጭን ከሆነ ደግሞ በቅጥሩ ውስጥ የእሳት ማጥፊያ ውሃ ማጠራቀሚያ መሥራት ይታሰባል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም አስቀድመው ካወቁት ውሃ የሚያመላልስ ተጨማሪ ቦቴ አስከትለው ይመጣሉ። የሚያስፈራው ዝቅተኛው ቁጥር አይደለም። የሚያስፈራው ቁጥሩን በእሳቱ ቀን ማወቅ ነው።

ለክፍል ውስጥ ሥራ

የሚከተለውን ሙከራ ማንኛውም ትምህርት ቤት ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊሠራው ይችላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በትምህርት ቤቱ ቧንቧ ሥር አስቀምጡና በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። 80 ሴኮንድ ከወሰደ ፍሰቱ በሰዓት 0.9 ሜትር ኩብ ነው፤ የአንድን ሃይድራንት ያህል ለመስጠት 67 እንዲህ ያሉ ቧንቧዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ቀጥሎ በዚያው መስመር ላይ ያለውን ሁለተኛ ቧንቧ ክፈቱና የመጀመሪያውን እንደገና ለኩ። ጊዜው ምን ያህል ጨመረ? ለምን? የተቀዳው ውሃ ለጽዳትና ለአትክልት ይዋል።

ለጅቡቲው ተማሪ ያለን መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ውሃ ይኑረው አይኑረው ከሩቅ ሆነን ልንነግርህ አንችልም፤ አስተማሪህም ቧንቧውን በማየት ብቻ ሊያውቁት አይችሉም። ይሁን እንጂ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፤ የጎደለው አንዲት ቃል ብቻ ናት። «ውሃ አለው?» በማለት ፈንታ፣ «ሲከፈት ስንት ይሰጣል?» ብለህ ጠይቅ። ደብዳቤውን ከአስተማሪህ ጋር ጻፉት። መልሱ በመጣ ጊዜም ቁጥሩን በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ቀኑን መጻፍም አትርሱ።